መብራት ሲጠፋ ያልቆሙ ጣቶች

የመጨረሻው ልጄ ፒያኖ ተጫዋች ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ጃዝ የሚሉትን ይጫወታል። የአባቱ ተዝካር ከወጣ ወዲህ ሸዋ ሮቢት ያለው ቤቴ አድሮ አያውቅም። እኔም ብሆን ቤቴ አልቀመጥም፤ አንዴ ጣርማ በር ትልቁ ልጄ ጋ፣ አንዴ ጀውሃ ሴቷ ልጄ ጋ እያልኩ እዞራለሁ። ባዶ ቤት ውስጥ የራሴን ሳል መስማት አልወድም።

አምና ሸዋ ሮቢት አዲስ ሆቴል ሲመረቅ ከባንዱ ጋር እንደሚመጣ ደወለልኝ። ቀድሜ መጥቼ ቤቴን ከፈትኩ፣ ጠረግኩ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። የሚወደውን የማሾ ወጥ ሠራሁ። አንድ ሌሊት እንዲያድርልኝ ነበር ሐሳቤ፤ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ሆቴሉ ስደርስ ግቢው ውስጥ በተጣለው ዳስ ሥር ጨዋታው ተጀምሯል። ልጄ ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወታል፤ አላየኝም። ከጎን በኩል ወንበር ሰጡኝና እጆቹ ወለል ብለው ታዩኝ።

ግራ እጁ አይቸኩልም። ጥማድ በሬ ይዞ በትልሙ እንደሚሄድ ገበሬ ነው። ቀኝ እጁን ግን ሌላ ሰው የሚያዘው ይመስላል። ግሪሳ ወፍ ማሽላ ላይ ሲሰፍር ያየ ሰው ይገባዋል፤ ያ ሁሉ ወፍ ባንዴ ይወርዳል፣ ባንዴ ይነሳል፣ አየር ላይ ባንዴ ይታጠፋል፣ አንዱ ካንዱ አይጋጭም። ጣቶቹ እንደዚያ ናቸው። አሁንስ ተሳሳተ ስል፣ ያችኑ የተሳሳታት የመሰለችኝን ድምፅ መልሶ መላልሶ እየነካ ያሳምራታል።

አጠገቤ የተቀመጠ ነጋዴ ዘንበል ብሎ፣ «እማማ፣ ይሄ ሰው ያለው አሥር ጣት ብቻ ነው?» አለኝ። ሲወለድ ቆጥሬያቸዋለሁ ልለው አሰኘኝ። ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱ እንደዚያ ርቆ ሳየው ልጄ ነው ማለቱ ከበደኝ።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። የኤሌክትሪክ ፒያኖ ነውና ጭጭ አለ። ከበሮ መቺው ግን ቀስ አድርጎ ቀጠለ፤ ልጄም አላቆመም። ድምፅ በሌለው ፒያኖ ላይ ጣቶቹ ያንኑ ሩጫ ይሮጣሉ፤ ጥፍሩ ፕላስቲኩን ሲነካ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ወደ ጣቶቹ አንገቱን አሰገገ።

እኛ አገር ሥራ ላይ ያለን ሰው ዝም ብለው አያልፉትም። ለሚያርሰውም ለሚያጭደውም ያበርታህ ይሉታል፤ እሱም ቀና ሳይል ይመልሳል። እኔም ሳላስበው፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ «ያበርታህ ልጄ» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጄ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ያበርታሽ እማዬ» አለ። ጣቱ አልተደናቀፈም። ወዲያው ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ድምፁ ሲመለስ ከከበሮው ጋር እኩል፣ ልክ ቦታው ላይ ነበር። ሰው በጭብጨባ ግቢውን አናጋው።  ልጄ ድምፄን ለይቶታል፤ እሱ ያለበት ቦታ ግን እኔ የምገባበት አልነበረም።

ሲያበቁ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ቤቱን እንዳሰናዳሁለት ነገርኩት። ዕቃ ወደሚጫንበት መኪና ዞር ብሎ አየና ነገ ኮምቦልቻ ሥራ እንዳላቸው፣ አሁኑኑ እንደሚነሱ ነገረኝ። በመልሱ ግን አድራለሁ አለኝ። እጆቹን ያዝኳቸው፤ በእጄ ውስጥ ገና ትኩስ ነበሩ። ሳይበርዱ ጠሩት።

ወደ ጀውሃ የሚመለስ ሚኒባስ እንደ ልብ ነበር፤ እኔ ግን ቤቴ ገባሁ። ወጡን አሙቄ ለሱ ባነጠፍኩት ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በላሁ። በመልሱ ያድራል ብዬ እዚያው ሰነበትኩ።

የደወለልኝ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ ደብረ ብርሃን ከደረሰ በኋላ ነው። መኪናው ሸዋ ሮቢትን ሲያልፍ እንቅልፍ ጥሎት ኖሯል። ድምፁ የጥፋተኛ ድምፅ ነበር።

«ደክሞህ ነው የኔ ጌታ፣» አልኩት። «እንኳንም ተኛህ።»