ከክሪኬት ተጫዋቹ ጋር ኮሪደር ላይ የበላሁት ምሳ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ከጓደኛዋ ልደት ላመጣ አትላንታ አጠገብ ወዳለችው ስማይርና ስሄድ፣ አንድ ሜዳ ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች ክሪኬት ሲጫወቱ አየሁ። መኪናዬን ጥግ አስይዤ ወረድኩ። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል፣ የቀሩት ሣሩ ላይ ተበታትነው ይጠብቃሉ። ጨዋታው ዛሬም አይገባኝም። ግን ዴሪክ ትዝ አለኝና ልጄን ልረሳት ምንም አልቀረኝም።

ወረርሽኙ ዓለሙን ቤት ውስጥ የዘጋበት ጊዜ ነበር። ብዙ ዓመት አልሆነውም፤ ሁለት ልጅ ግን ሰውን ቶሎ ያስረጃል። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ በጽዳት እሠራ ነበር። የጥድ አበባ ብናኝ መኪናውንም መንገዱንም ቢጫ አልብሶታል። ጠዋት ከምኖርበት ከሊቶኒያ ስመጣ ጎዳናው ባዶ ስለሆነ በሕልሜ የምነዳ ይመስለኛል። አውሮፕላኖቹ እንደ ከብት ተኮልኩለው ቆመዋል፣ ሰማዩ ዝም ብሏል። እውነቱን ለመናገር ያን ጸጥታ ወድጄው ነበር። የሚያሳምመው ሰው እንዳለ ገና አላወቅኩም።

ዴሪክ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣ የክሪኬት ተጫዋች ነው። ቡድኑን ሊቀላቀል በአትላንታ ሲያልፍ ኮቪድ ተገኘበትና እኛ ሆቴል ቀረ። ሕመሙ ቶሎ ለቀቀው፤ ምርመራው ግን ፖዘቲቭ ማለቱን አልተወም። በዚያ ፎቅ ላይ ከእሱ በቀር እንግዳ የለም። ደንባችን ምግቡን በሩ ሥር አስቀምጦ፣ አንኳኩቶ መሄድ ነበር። ትሪው ብዙ ጊዜ እንደሄደ ይመለሳል። "ደህና ነህ?" ስለው ከውስጥ ሆኖ "ደህና ነኝ" ይላል፤ ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

የሠራተኞቹ መመገቢያ ተዘግቶ ስለነበር አንድ ቀን ኮሪደሩ ጫፍ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሩዝ በምስር ስበላ፣ ዴሪክ ትሪውን ሊያነሳ በሩን ከፈተ። ረጅም፣ ፂሙ ያደገ፣ ዓይኑ የጎደጎደ ሰው። እኔ ደግሞ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ሰው እያየኝ ብቻዬን መጉረስ አይሆንልኝም። "እንብላ" አልኩት በእንግሊዝኛ።

እንብላ እኮ እኛ ዘንድ ሰላምታ ነው። የተጋበዘው "ብሉ፣ ጠግቤያለሁ" ይላል፣ ጋባዡም መብላቱን ይቀጥላል። ይሄ ሰውዬ ይህን በምን ያውቃል! "እሺ" ብሎ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለና ትሪውን ጭኑ ላይ አደረገ። በምን አፌ ልመልሰው? ኮሪደሩን በሙሉ መሃላችን አድርገን ምሳችንን በላን። ያለወትሮው ሳህኑን ባዶ አደረገው።

ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰዓት በሩን ከፍቶ ይጠብቀኝ ጀመር።

"አንድ ኳስ ከሳትኩ አለቀ" አለኝ አንድ ቀን። "የቀረውን ጊዜ ቁጭ ብዬ ሌላው ሲጫወት ማየት ነው። ድሮ ማታ ከሰው ጋር ስስቅ እረሳዋለሁ። አሁን በወረርሽኙ ምክንያት ከሜዳ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ሜዳ ብቻ ነው። ክፍሌ ውስጥ ያቺን ኳስ ደጋግሜ እስታታለሁ።"

ዓመቱ እንዲህ ነው ያለፈበት። መምቻ እንጨቱን ማንሳት ራሱ አስጠልቶታል። የቡድኑ ኃላፊ በየቀኑ እየደወለ ይጠይቀዋል፤ እሱም ደህና ነኝ ይላል። ሌላ ከተናገረ ከልጅነቱ ጀምሮ የለፋበት ቦታ ለሌላ ይሰጣል።

ነገሩ ቢከብደኝ እንግዳ የሚያመላልሰውን የሆቴሉን ሻትል ለሚነዱት ለጋሽ ሰይድ አጫወትኳቸው።

"እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉታል?"

"እኔ ልጄ፣ ክሪኬቱንም አላውቀው። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ይህንኑ ንገሪው።"

"ቦታውን ቢያጣስ?"

"ራሱን ካጣ ቦታው ምን ያደርግለታል?"

በማግስቱ ነገርኩት። ስልኩ ሲጠራ በሩን ይዘጋል ብዬ ነበር፤ እዚያው ደፉ ላይ እንደተቀመጠ አነሳው። የቡድኑ ኃላፊ እንደ ልማዱ ደህንነቱን ጠይቆት መሆን አለበት። ትሪውን ከጭኑ አወረደው። እኔም ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

"አይደለሁም" አለ። "ከቆየ ቆይቷል። አልጫወትም፤ ቤቴ ልሂድ።"

ከዚያ አለቀሰ። በእኛ ወግ የሚያለቅስን ሰው ትከሻውን ይዘው ነው የሚያጽናኑት፤ እኔ ግን መቅረብ አልችልም። ከሩቅ፣ በአማርኛ፣ "አይዞህ፣ አይዞህ" አልኩት።

ምርመራው ነጻ ሲለው ጋሽ ሰይድ ኤርፖርት አደረሱት። "ፓስፖርትህን ቼክ አድርግ" ሲሉት በአማርኛ መሆኑን እንኳ ልብ አላሉም። ቡድኑ ያለ እሱ ተጫወተ። በኋላ ወደ ጨዋታው ተመልሶ ይሁን አይሁን አላውቅም። ስሙን ጉግል ማድረግ ቀላል ነው፤ አንድም ቀን አልሞከርኩትም።

ሁለተኛ ልጄን የወለድኩ ሰሞን ቤቴ በጠያቂ ተሞላ። ደህና ነሽ ለሚለኝ ሁሉ "አልሃምዱሊላህ" እላለሁ፤ እንግዳው ሲወጣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ሕፃኑ ጤነኛ፣ ባሌ ደግ፤ ምን ጎደለብኝ? አንድ ጠዋት ባሌ ሥራ ሊሄድ በሩ ጋ ቆሞ፣ "ደህና ነሽ አይደል?" አለኝ። የለመድኩት መልስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"አይደለሁም" አልኩት።

ጃኬቱን አወለቀና አጠገቤ ተቀመጠ። ያን ቀን ሥራ አልሄደም። ዛሬም ሰው ደህና ነኝ ሲለኝ ቶሎ አልፌ አልሄድም፤ ትንሽ እቆያለሁ።