የሻገተ ዳቦ ቀብር

የያዙኝ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው፣ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ሰጥቼ እንደወጣሁ። ጣቴ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነበር፤ እጄን እንኳ አላስታጠቡኝም። ጥፋቴ ምን እንደሆነ ብጠይቅ “ትደርስበታለህ” አሉኝ። ይኸው ከተፈታሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ፣ እስካሁን አልደረስኩበትም።

ያሰሩኝ እዚሁ ጉለሌ ነው፣ ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ቦታ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሰው ሳይሆን ሽታ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። ግድግዳው ያልበዋል፣ ፍራሹ ከሥሩ ይረጥባል። ከፍ ብላ በተሠራች አንዲት ጠባብ መስኮት፣ ጉም ካልሸፈነው፣ እንጦጦ ይታያል። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ሽታውን ወዲያው አወቅኩት፤ ሻጋታ ነው።

ጠጋ ብለው ቦታ የለቀቁልኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም “አባባ” ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸጎሌ ከብት ሲያሻሽጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ፍለጋ ቤታቸው የሄዱት ፖሊሶች ልጁን ሲያጡት አባትየውን ይዘው መጡ።

ባለቤታቸው በየቀኑ ስንቅ ያመላልሱ ነበር። በር ላይ “ቅመሺ” ይባላሉ፤ ከያዙት ቆርሰው ይቀምሳሉ፣ ከዚያ ሳህኑ ወደ እኛ ይገባል። አንድ ቀን ድፎ ዳቦ አመጡ። በማግስቱ ቀሩ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት መጥታ ሆስፒታል መግባታቸውን ተናገረች። አባባ ከድፎው የተረፈችውን መዳፍ የምታህል ቁራሽ በፌስታል ጠቅልለው ትራሳቸው ሥር አስቀመጡ።

“ሲሻላት ትመጣለች፤ አብረን እንበላታለን” አሉኝ።

በዚያ እርጥበት፣ ያውም በፌስታል ታፍኖ፣ ዳቦ ሳምንት ሳይሞላው ይሻግታል።

የክፍላችን ካቦ፣ ማለትም እኛው ታሳሪዎች የመረጥነው አለቃ፣ የታክሲ ሾፌር ነበር። አስም አለበት። አንድ ጠዋት ሽታውን ተከትሎ አባባ ትራስ ላይ ደረሰ።

“አባባ፣ ይሄ ነገር ይውጣ። ደረቴ እየታፈነ ነው።”

“የት ይውጣ?”

“ባልዲው ውስጥ ነዋ!”

ባልዲው የምንሸናበት ነው።

“በስመ አብ!” አሉ አባባ። “እህል? እዚያ ውስጥ?”

ካቦው ወደ እኔ ዞረ። “ቲቸር፣ እስቲ አንተ ንገራቸው። ወይ ላይ ላዩን ብንፍቀው አይበቃም?”

እኔ ደግሞ ስለ ትምህርቴ ከጠየቁኝ አፌን የሚዘጋልኝ የለም። ፌስታሉን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። ነጩ ክር ዳቦውን አልብሶታል፤ በየክሩ ጫፍ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ጥቁር ነጥብ አለ።

“መፋቁ አይረባም፣ ክሩ ውስጥ ድረስ ገብቷል” አልኩ። “አባባ፣ ይህ ጥቁር ነጥብ ሁሉ ከረጢት ነው። ውስጡ ስፖር የሚባል ብናኝ ሞልቷል። ከረጢቱ ሲበስል ይፈነዳል፣ ብናኙን አየር ይወስደዋል። አንዷ ብናኝ እርጥብ እህል ላይ ካረፈች እዚያው ታቆጠቁጥና ሌላ ሻጋታ ትሆናለች። ይህን ፌስታል በከፈቱ ቁጥር ለሁላችን እየዘሩልን ነው።”

አባባ ከብት የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ቀረብ ብለው መረመሩት።

“ወንዱ የቱ ነው?”

“እንዲህ ሲራባ ወንድ የለ፣ ሴት የለ። ብቻውን ነው የሚበዛው።”

“ያለ ጓደኛ?”

“ያለ ጓደኛ።”

ፌስታሉን ከእጄ ወሰዱ። “ታድሎ” አሉ። “እኔ ያለ እሷ አንድ ቀን መኖር አላውቅበትም።”

አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ሰውየው የያዙት ሚስታቸውን ነው፤ እኔ ሌክቸር እሰጣለሁ።

ካቦው ከዚያ በኋላ ሲያስል ብቻ ዋለ። አባባ እያንዳንዷን ሳል ያዳምጡ ነበር። ከሰዓት በኋላ “ይቀበር” አሉ። “እህል አይጣልም። ቢቀበር ግን ነውር የለውም።”

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ልንሞቅ ስንወጣ ፌስታሉን እኔ ያዝኩላቸው። ወጣት ጥበቃ በር ላይ አስቆመኝ።

“ምንድን ነው?”

“የሻገተ ዳቦ ነው። ልንቀብረው ነው።”

“ትቀልድብኛለህ?”

“ልጄ፣” አሉ አባባ፣ “እናንተ ቤት እህል መሬት ይጣላል?”

ልጁ አንዴ ፌስታሉን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠንና “ፍጠኑ” አለ።

አጥሩ ጥግ ባለ ባሕር ዛፍ ሥር በጠርሙስ ክዳን ቆፈርን። ዝናብ ያራሰው መሬት ስለሆነ አላስቸገረንም። አባባ ፌስታሉን ፈቱና ዳቦውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ። “ኧረ ብናኙ!” ልል አፌን ከፈትኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሼ ዘጋሁት። ሦስት ጊዜ ሳሙት። ከንፈራቸው ጠቆረ። ካቦው ሹራቡን አፍንጫው ላይ ስቦ ከኋላችን ቆሞ ነበር፤ ጎንበስ አለና ከእኛ ጋር አፈር መለሰ።

ከስምንት ቀን በኋላ ያው ጥበቃ በሩን ከፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “አባባ፣ ባለቤትዎ አርፈዋል” አላቸው። ቀብር ልድረስ ብለው ለመኑ። አለቆቹን ጠይቆ ተመለሰ፤ አይቻልም። ቀብሩ እንጦጦ ማርያም ነበር። አባባ ያን ቀን መስኮቷ ሥር ቆመው ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲያዩ ዋሉ። እኛም ዙሪያቸውን ተቀምጠን ዋልን። ለቅሶው ያ ነበር።

እሳቸው ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። እኔም እንደወጣሁ ሸጎሌ ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ። እንዴት እንደማጽናናቸው ጨንቆኝ አቀርቅሬ ተቀመጥኩ። እሳቸው ናቸው የጀመሩት።

“መቃብሯን አሳዩኝ። ሣር በቅሎበት ነው የደረስኩት” አሉ። “በገዛ እጄ አፈር ያለበስኩት ያችን ዳቦዋን ብቻ ነው። የሻጋታውን ነገር ባትነግረኝ ኖሮ እሱም ይቀርብኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።”

አለቀስኩ።

አሁን ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። በየዓመቱ፣ ስፖር ጋ ስንደርስ፣ ቁራሽ ዳቦ በፌስታል እናሻግታለን፤ ተማሪዎቼ በአጉሊ መነጽር ያዩታል። ትምህርቱ ሲያልቅ ግን ቅርጫት ውስጥ አላስጥልም፤ ከክፍሉ ጀርባ ጉድጓድ አስቆፍርለታለሁ።

“ቲቸር ደግሞ! ለሻጋታም ቀብር?” ብለው ይስቃሉ።

“እህል ነው” እላቸዋለሁ። አካፋ ይዘው ይመጣሉ፤ ጉድጓዱን እነሱ ይቆፍሩ። አፈሩን የማለብሰው ግን እኔ ነኝ፣ በእጄ።