የቆየ እንቁላል ፍለጋ

ባለፈው ሳምንት ከቴፒ ወደ ሚዛን ልመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። መኪናው እስኪሞላ አጠገቤ ያለው ሰውዬ በመስኮት የተቀቀለ እንቁላል ገዝቶ መላጥ ጀመረ። ቅርፊቱ ነጩን ይዞ ሲገነጠል ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ።

አባቴ ሆስፒታል የተኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። ክረምት ነበር፤ ባጃጆቹ ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ። አባቴ እህል ከተወ ሰንብቷል። አንድ ጠዋት ግን፣ «እንቁላል ብትቀቅይልኝ እሞክር ነበር» አለኝ። ወደ ቤት ሮጥኩ። በእኛ ቤት ለታመመ ሰው የሚመረጠው የዕለቱ እንቁላል ነው። ከዶሮዋ ሥር ሙቀቱ ገና ያልለቀቀውን አንስቼ ቀቀልኩና በፎጣ ጠቅልዬ እንደጋለ አደረስኩ።

አልላጥ አለኝ። ቅርፊቱ በጥፍሬ ሥር ተፈረካከሰ። ለቅሜ የጨረስኩ መስሎኝ አጎረስኩት። ጥርሱ ሥር ኮሽ አለ። ተፋውና ወደ ግድግዳው ዞረ። «ተይው በቃ፣ ልጄ።»

ከጎን አልጋ ባላቸውን የሚያስታምሙ እናት፣ «የዛሬ ነው እንዴ? የዛሬ እንቁላል መች ይላጣል! ሰንበት ያለ ፈልጊ። ከእሳት ስታወጪው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሪው» አሉኝ።

በማግስቱ ገበያ ሄድኩ። እንኳን እንዲህ ያለ ነገር፣ ዋጋ መጠየቅም ያሳፍረኛል።

«የቆየ እንቁላል አለሽ?» አልኳት አንዷን ሻጭ።

«የቆየ? አንቺ ልጅ፣ ገበያዬን ልትዘጊ ነው? የኔ ሁሉ የዛሬ ነው!»

«ኧረ ያንቺስ የፋሲካ ነው!» አለች ጎረቤቷ። ሁሉም ሳቁ።

«ለአባቴ ነው፣ ታሞብኝ» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

ሻጯ ሳቋን አቆመች። ከቅርጫቷ ሥር አውጥታ፣ «ይሄ ያለፈው ቅዳሜ የመጣ ነው፤ ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ በሹክሹክታ።

እንደተነገረኝ አድርጌ አልጋው አጠገብ ላጥኩት። ቅርፊቱ እንደ ልብስ ወለቀ። አባቴ መዳፉን ዘረጋ፣ አስቀመጥኩለት። ለረጅም ጊዜ አየው።

«አምሯል» አለ።

«ብላ እንጂ፣ አባዬ።»

«ያሰኘኝ ትናንት ነበር።»

እንቁላሉ መዳፉ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ምንም ሳይቀምስ፣ ሳምንት ሳይሞላው ቀበርነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ሰውዬው የተቦጫጨቀውን እንቁላል ሚጥሚጣ ውስጥ ነክሮ፣ ቅርፊት ከምላሱ ላይ እየለቀመ በላው። ዘዴውን ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ዛሬ በእጄ የገባ እንቁላል ሁሉ ጭረት ሳይነካው ይላጣል። ልጬ ሳህን ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ መብላት ያቅተኛል።