አባቴ ለሶላሩ ዳስ ጣለለት

ዛሬ ጠዋት አባቴ ከሮቢት ደወለና «የውሃው ሶላር ሞቷል፣ ድረሽ!» አለኝ።

ከቆቦ በባጃጅ እየበረርኩ ደረስኩ። በሶላር የሚሠራው የመስኖ ፓምፕ ከተተከለ ገና ሳምንቱ ነው። ሽንኩርቱ አንገቱን ደፍቷል፤ ውሃውን የሚጋሩን ጎረቤቶቻችንም አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

ቀና ብዬ ሳይ ሶላሩ የለም! በቦታው የማሽላ አገዳ የለበሰ፣ ለሰርግ የሚበቃ ዳስ ቆሟል።

«አባ፣ ምንድነው ይሄ?»

«የቆቦን ፀሐይ አታውቂያትም? ትናንት ብነካው እጄን ለበለበኝ። እንዲህ የሚለፋልንን ዕቃ እንደ በርበሬ ላስጣው እንዴ?»

(በእኛ አገር እንግዳ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም። ሶላርም ቢሆን።)

«አባ፣ ምግቡ እኮ ፀሐይዋ ናት!» ስለው፣ ዳሱን አብረውት የጣሉት ጎረቤቶቻችን እስኪያለቅሱ ሳቁ።

አባቴ አልሳቀም። አገዳውን ማንሳት ጀመረ። ገና ግማሹን ሳይጨርስ ፓምፑ ተነሳ፤ ውሃው ቦዩን ይዞ ወረደ። ናፍታ የለ፣ ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ።

እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ወደ ላይ አየ። «አላህ አውፍ ይበለኝ፤ ዕድሜ ልኬን ይችን ፀሐይ ስረግማት ነው የኖርኩት» አለ።

አገዳውም አልባከነም። ቦዩ ዳር ለእኛ ዳስ ሆኗል፤ ይህንን የምጽፈው ከሥሩ ሆኜ ነው። ናፍታ ፍለጋ ጀሪካን ይዘው ሲሰለፉ ይውሉ የነበሩት ሰዎች አጠገቤ ተጋድመው ይስቃሉ።

እናንተስ ቤት ሶላር ሲገባ ምን ጉድ ተሠራ? እስኪ አውሩኝ፣ አባቴ ብቻውን አይሳቅበት።