በታክሲ ውስጥ የከፈትኩት ፕሮሰሰር

ይህ ነገር የደረሰው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ገና ሳይደርቅ፣ በአንድ ቅዳሜ ነው። ቀኑን በትክክል አልጠቅስም፤ ደብተሬ ላይ «ቅዳሜ» ከሚለው ቃል በቀር የተጻፈ የለም። ለዚህ ጽሑፍ ያሉኝ ምንጮች ሦስት ናቸው፦ የኪሴ ማስታወሻ ደብተር፣ የልጅ ልጄ የፌቨን ቃል እና የራሴ ትዝታ። ከሦስቱ አጥብቄ የምጠረጥረው የመጨረሻውን ነው። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ትዝታ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ራሱን ያሳምራል። ስለዚህ ንግግሮቹን ቃል በቃል ይዣለሁ አልልም፤ ወደ እውነቱ ቀርቧል ያልኩትን ጽፌአለሁ። ነገሩ ከአእምሮዬ ያልወጣበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከስሕተት ይጠብቀኛል ብዬ የያዝኩት ልማድ፣ ራሱ ስሕተቱን ሲሠራ አይቻለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የታሪክ አጠናን ዘዴ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቀበና፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ባለው ቤታችን ከፌቨን ጋር እንኖራለን። ፌቨን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ከትምህርቷ ውጪ የኮምፒውተር ጨዋታ ትጫወታለች፤ ስትጫወትም በኢንተርኔት በቀጥታ ታስተላልፋለች፤ የሚከታተሏት ሰዎችም አሉ። ይህ ከምር የሚያዝ ነገር መሆኑን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል።

ያን ሰሞን አምስት ሆነው በሚጫወቱበት ቡድን ውስጥ ገብታ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በተደረገ ግጥሚያ፣ አሮጌው ኮምፒውተሯ ጨዋታውንና ስርጭቱን አብሮ መሸከም አቅቶት መሀል ላይ ቀጥ አለ። ቡድኗ ተሸነፈ። የቡድኑ አለቃ የላከላትን መልእክት አሳየችኝ። ለሚቀጥለው ግጥሚያ፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሚሠራ ኮምፒውተር ካልቀረበች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። አላለቀሰችም። ስልኩን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የሚያስፈልገውን እኔ እገዛለሁ» አልኳት። «አመራረጡን ግን አብረን እናደርገዋለን።»

ትልቅ ወረቀት ዘርግቼ ሰንጠረዥ አሰመርኩ።

«አባባ፣ ይሄ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው እንዴ?» አለችኝ።

እኔ የወገንኩት ለአሥራ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር ነበር። ኮር ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል በሆነው ፕሮሰሰር ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል ነው፤ መጫወትና ማስተላለፍ ሁለት ሥራዎች ከሆኑ ሠራተኛው መብዛት አለበት ብዬ ተከራከርኩ። ፌቨን በትዕግሥት አስረዳችኝ።

«ጨዋታው ሁሉንም ኮር አይጠቀምም፤ የሚፈልገው ጥቂት ግን ፈጣን ነው። ለስርጭቱ ቪዲዮውን የሚጨምቀው ደግሞ ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ነው። ፕሮሰሰሩን አግዝፈን ካርዱን ካሳነስነው፣ አሥራ ሁለት ሰው ወጥ ቤት አስገብተን አንድ ምድጃ እንደመስጠት ነው።»

ማስረጃ ጠየቅኳት። የሦስት ሰዎችን ሙከራ አቀረበችልኝ። ሳነጻጽራቸው ሁለቱ አንዱ ከሌላው የገለበጡ ሆነው አገኘኋቸው፤ ሦስተኛው ግን ራሱን የቻለ ነበር፣ እሷን ደገፈ። በስምንት ኮር ተስማማን። ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ አሮጌው ማዘርቦርድ፣ የውስጥ ፕሮግራሙ ከታደሰ የዚያኑ ዘር አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚቀበል እሱን አልቀየርነውም። ለዕቃዎቹ ኃይል በሚያከፋፍለው በፓወር ሰፕላዩ ላይ ግን እኔ አልተበገርኩም። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ሰፈር ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሌላውን ዕቃ ይዞ ይሞታል። እሷም «እዚህ ላይ ልክ ነዎት» አለች። ሰንጠረዡ ላይ ከነቀኑ ጻፍኩት።

የመረጥነው ፕሮሰሰር አንድ ጠባይ ነበረው። ከብስኩት የማይበልጥ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ከሥሩ ከሺህ የሚበልጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ እግሮች አሉት፤ ፒን ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ፒን ማዘርቦርዱ ላይ የራሱ ቀዳዳ አለው። አንዱ ከተጣመመ ፕሮሰሰሩ አይቀመጥም፤ በግድ ከተጫኑት ፒኑ ይሰበራል።

ካርዱና ፓወር ሰፕላዩ ቀድመው ተገኙ። ፕሮሰሰሩ ግን ጠፍቶ ከረመና፣ መገናኛ አንድ ሱቅ ውስጥ አንድ ብቻ መኖሩን ፌቨን በስልክ ያረጋገጠችው በዚያው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

«እኔ ማዘርቦርዱን ላድስ፣ እርስዎ ያምጡልኝ» አለች። «ፕሮሰሰሩ ያለበትን ማቀፊያ ግን እንዳይከፍቱት። ቃል ይግቡልኝ።»

ቃል ገባሁ።

ሻጩ ፈገግታ የማይጠፋው ጎልማሳ ነበር። «ፋዘር፣ ለራስዎ ነው?» አለኝ።

«ለልጅ ልጄ ነው።»

«ዕድለኛ ልጅ ነው።»

«ሴት ናት» አልኩት።

«ጌመር ናት? ይመቻት!» አለና ፕሮሰሰሩን አወጣ። ካርቶን አልነበረውም፤ በሚያሳይ ላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ተቀምጧል። ላስቲኩ ከመጫጫሩ የተነሣ በፕሮሰሰሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለእኔ ዐይን አይነበብም። ሻጩ በስልኩ አብርቶ፣ አዘንብሎ፣ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ እኔ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። «የመጨረሻው ነው» አለ። «ሌላ እስኪገባ ሳምንታት ይፈጃል። ፒኑ ከታጠፈ ደግሞ አንመልስም፤ ቀድሜ ልንገርዎት።»

ታክሲ ያዝኩ። ከሾፌሩ ጀርባ፣ አንዲት አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሾላን እንዳለፍን ይመስለኛል ጥርጣሬው የጀመረኝ። ቁጥሩን ያነበበው ሻጩ ነው፤ እኔ አላየሁትም። ተማሪዎቼን ስንት ዓመት «ራሳችሁ ያላያችሁትን ሰነድ እንዳያችሁት አድርጋችሁ አትጥቀሱ» ብዬ ቀጥቻለሁ! የሰጠኝ ሌላ ዓይነት ቢሆንስ? ማዘርቦርዱ ባይቀበለውስ? ቤት ደርሼ ከማውቅ አሁኑኑ ባውቅ መመለስ እችላለሁ። ቃል መግባቴን አልረሳሁም። ቃሌን የማፈርሰው ለእሷ ስል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ማቀፊያውን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። መነጽሬን አወጣሁ። ፕሮሰሰሩን በሁለት ጣት አንሥቼ ቁጥሩን ከደብተሬ ጋር አስተያየሁ። አንድም ልዩነት አልነበረውም። በዚያች ሰከንድ በተሰማኝ እርካታ ዛሬም አፍራለሁ።

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ከጎን የገባ ባጃጅ ነበር ተባለ፤ እኔ አላየሁም። ደብተሩ፣ መነጽሩ፣ ፕሮሰሰሩ ሁሉም ከእጄ ወጡ።

«እግራችሁን አንሡ! ማንም እንዳይረግጥ!» ብዬ ጮኽኩ።

ረዳቱ ዘወር አለ። «ፋዘር፣ ምን ወደቀ? ጥርስ ነው?»

ታክሲው በሳቅ ሞላ። አጠገቤ ያለችው ሴት ብቻ አልሳቀችም። «ሳቁን ተዉና እግራችሁን አንሡ እንጂ!» ብላ ጎንበስ አለች። ከወንበሩ ብረት ሥር፣ በፒኖቹ በኩል ተደፍቶ አገኘችው። ያነሣችው ጠርዙን ብቻ ይዛ ነው። ይህን ልብ አልኩ። ገልብጣ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። እኔም አየሁ። በአንደኛው ማዕዘን፣ ከብት እንደተኛበት እህል፣ ፒኖቹ ወደ አንድ ጎን ተጋድመዋል።

«ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። የፌቨንን ቦታም ነገርኳት።

«በስንት ሰዓት ነው የሚፈለገው?»

«ዘጠኝ ላይ ጨዋታው ይጀምራል።»

«እኔ የጥርስ ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ሲግናል ሰፈር ነው የምወርደው። ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሳቃና ነው የምውለው። ከፈለጉ እንሞክረው። ከተሰበረ ግን እንዳይቀየሙኝ።»

ለፌቨን ለመደወል ስልኬን አወጣሁ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ከሴትየዋ ጋር ወረድኩ።

ላቦራቶሪው አንደኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። የጀሶ መንጋጋዎች በመደርደሪያ ላይ ተሰልፈዋል፤ በመስኮቱ እንጦጦ ደመና ለብሶ ይታያል። ስሟ ትዕግሥት መሆኑን የነገረችኝ እዚያ ነው። ማጉያ መስተዋት ያለበትን መብራት ስባ፣ ቀጭን ወረንጦና መርፌ መሰል መሣሪያ አዘጋጀች።

«ወይዘሮ ትዕግሥት፣ እርስዎ እንዲህ ዓይነት ነገር ሠርተው ያውቃሉ?» አልኳት።

«አንቺ ይበሉኝ አባቴ፤ አንቱ ሲሉኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሠርቼ አላውቅም። መምህር ነበሩ አይደል?»

«በምን አወቅሽ?»

«ፈተና ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ዞር ይበሉልኝና አይተንፍሱብኝ።»

አንድ በአንድ ማቃናት ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ እሺ አሉ። ደብተሬ የታጠፉት ዘጠኝ ነበሩ ይላል፤ እሷ ግን ኋላ ስጠይቃት ሰባት ናቸው አለች። ስለ መጨረሻዋ ሁለታችንም እንስማማለን። ሙሉ በሙሉ ተኝታ ነበር። ትዕግሥት ወረንጦውን አስቀምጣ እጇን በጋውኗ ጠረገች።

«ይቺ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትነሣው» አለች። «ወዲህ ወዲያ ካልኳት ትቆረጣለች።»

መርፌውን ከሥሯ አስገባች። የግድግዳው ሰዓት ከስድስት ተኩል አልፏል። እኔ የተባልኩትን አክብሬ አልተነፍስም። ፒኗ በጣም በቀስታ፣ ሳር ከዝናብ በኋላ ቀና እንደሚለው፣ ተነሣች። አልተቆረጠችም። ትዕግሥት ቀጭን የብረት ቅጠል ወስዳ በረድፎቹ መካከል አንድ ጊዜ በቁመት፣ አንድ ጊዜ በአግድም አሳለፈች። የትም አልያዘም።

«ለልጅቷ ይነግሯታል ኣ?» አለችኝ ስታቀብለኝ።

«ከመግጠሟ በፊት እነግራታለሁ» አልኩ። የዚያን ቀን ሁለተኛው ቃሌ ነበር።

ፕሮሰሰሩን ማቀፊያው ውስጥ መልሼ፣ ደረት ኪሴ ከትቼ፣ በሌላ ታክሲ ቤት ስደርስ ሰባት ተኩል ሆኗል። ፌቨን በሩ ላይ ቆማለች። «አባባ! የት ቀሩ? ስልክዎትን ለምን አያነሡም?»

«መንገዱ ተዘጋግቶ ነው» አልኩ። ውሸት ነበር፤ እንደ ውሸት ይመዝገብልኝ።

ክፍሏ ስገባ ካሜራው ተተክሎ በርቷል። ኮምፒውተሩን ስትገጣጥም ቀርጻ ለተከታታዮቿ ልታሳይ ነው። «ይኸው አያቴ! ሰላም ይበሉ እንጂ አባባ» አለች። እጄን አነሣሁ። በካሜራ ፊት ልናዘዝ አልቻልኩም። ይህም ሰበብ ሊሆን ይችላል።

ፕሮሰሰሩን አውጥታ በማዘርቦርዱ ላይ አኖረችው። በራሱ ክብደት ሰርጎ መቀመጥ ነበረበት። አልተቀመጠም። ግንባሯን ቋጠረች። አነሣችውና ወደ መብራቱ ያዘችው፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። የማየው ክርኗን ብቻ ነበር። ሁለት ደቂቃ ይሁን አምስት አላውቅም። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ዞር ብላ መልሳ አኖረችው። ተቀመጠ። ማንሻውን ቆለፈች፣ ማቀዝቀዣውን አሰረች፣ የቀረውን ገጠመች። ስታበራው ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«ራሙን፣ ማስታወሻውን፣ እያወቀ ነው፤ ትንሽ ይቆያል» አለች። ለካሜራው ይሁን ለእኔ እንጃ። ስምንት ከአርባ ሆኗል። ስክሪኑ አሁንም ጥቁር ነው። አርባ ሁለት። የአልጋዋን ጠርዝ ጨብጬ ይዣለሁ።

በራ።

አልጮኸችም። መዳፏን የኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ አሳርፋ ቆየች።

ዘጠኝ ላይ ጨዋታው ተጀመረ። ከጀርባዋ ተቀምጬ አንድም ነገር ሳይገባኝ እስከ መጨረሻው ተከታተልኩ። ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፉ፣ ቀጣዮቹን ሁለት አሸነፉ። የቡድኑ አለቃ መልእክት አጭር ነበር፤ «ቅዳሜ እንገናኝ» ይላል።

እራት ላይ ሁሉንም ነገርኳት። ታክሲውን፣ ወንበሩን፣ ትዕግሥትን፣ መንገዱ አለመዘጋቱን። ቁጥሩ ትክክል እንደነበረም ነገርኳት፤ ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። ጉርሻዋን ይዛ አዳመጠችኝ።

«እኔም ልንገርዎት» አለች። «ሳስቀምጠው አንዷን ፒን አጥፌያት ነበር። በሜካኒካል እርሳሴ ባዶ ጫፍ ይዤ አቃናኋት። እርስዎ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ዞር ያልኩት።»

ሁለታችንም ሳቅን። የእኔ ሳቅ ትንሽ ዘገየ።

ዛሬ ያን ቀን ሳስበው ድንጋጤው ቀንሷል፤ እፍረቱ ግን ለትዕግሥት ካለኝ ምስጋና ጋር ተቀላቅሎ አለ። ሳምንት ቆይቼ ሄጄ ልጅቷ ማሸነፏን ነገርኳት። የፌቨንን ፒን ነገር ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። «ከእኔ እጅ ሲወጣ አንድም ጎባጣ አልነበረውም። ብረቱን በሁለቱም በኩል አሳልፌ የለ?» አለች። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ ያቺ ፒን ወይ በፌቨን እጅ ታጥፋለች፣ ወይ በሁለተኛው ታክሲ፣ በተጨናነቀ ወንበር ላይ፣ በእኔው ደረት ኪስ ውስጥ። ሦስተኛም አለ፤ ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ ያልገባው አዛብታ ስላኖረችው ብቻ ነው፤ ፌቨን የታጠፈች ፒን ጭራሽ አላገኘችም፣ ፊቴን አይታ ጥፋቱን ልትካፈለኝ ፈጠረችው።

ካሜራው በርቶ ነበርና ቀረጻው ይፈታው ነበር። ፌቨን ቀረጻዎቿን ሁሉ ታስቀምጣለች። የዚያን ቀኑን ግን «ቦታ ለማስለቀቅ ሰርዤዋለሁ» አለችኝ። አንድ ጊዜ ጠየቅኳት፤ ደግሜ አልጠየቅኳትም።