ቀምሳ ያስገባችው ፔርሙዝ

ፖሊሶች ቦንጋ ከሚገኘው ቢሮዬ ሲወስዱኝ ጃኬቴን እንኳ ከወንበሩ ላይ አላነሳሁም። ቶሎ የምመለስ መስሎኝ ነበር። ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ ቀዳዳ ነበረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገብ ያለ ሰው የሚናገረው አይሰማም። ለምን እንደታሰርኩ በትክክል የነገረኝ የለም። አንዱ "ስብሰባ ላይ በተናገርከው ነው" አለኝ፤ ሌላው "ፌስቡክ ላይ በጻፍከው ነው" አለኝ። እኔ ፌስቡክ የለኝም።

በማግስቱ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መርማሪው የሰጠኝን ውሃ ግማሹን ሱሪዬ ላይ ደፋሁት።

"ካልዋሸህ ምን ያስፈራሃል?" አለኝ ፈገግ ብሎ።

መፍራቴን አልክድም። ግን እጄን የሚያንቀጠቅጠው ፍርሃቱ ይሁን ጠዋት ጠዋት የምቀማምሳት አረቄ መቅረቷ ለራሴም አልለየልኝም። ፈሪ ከመባልና ሰካራም ከመባል የቱ እንደሚሻል ግራ ገባኝ።

ክፍላችን ውስጥ ደካ ከሚባል ቦታ ያመጡት አንድ መምህር ነበር። ላብ አጥምቆኝ ከምርመራ ስመለስ ጋቢውን ደረበልኝና ሌሎቹ እንዳይሰሙ ጠጋ አለ።

"አረቄ ነው?"

"በምን አወቅህ?"

"እኔም አልፌበታለሁ። ሐኪም ረድቶኝ ነው የተውኩት፤ ብቻህን አትችለውም። ሚስትህ ታውቃለች?"

ታውቃለች። ከመታሰሬ በፊት "መጠጡ አሸንፎኛል፤ ሆስፒታል ልሂድ" ብያት ነበር። "አልመታኸኝ፣ ደሞዝህን አልበተንክ! ምን ሆንኩ ብለህ ነው የእብድ ሐኪም ጋ የምትሄደው? ሰው ምን ይለናል?" አለችኝ። ለእሷ ሰካራም ማለት ቦይ ውስጥ የሚያድር ነው። እኔ አልጋዬ ላይ ነበር የማድረው።

መምህሩ በሩን ደብድቦ ጤና ባለሙያ አስጠራልኝ፤ ክኒን ሰጡኝ። መንቀጥቀጡ በረድ ማለት ሲጀምር ባለቤቴ ከምሳው ጋር ፔርሙዝ አስገባችልኝ። እጄ ሲንቀጠቀጥ በአጥሩ በኩል አይታ ኖሯል። ክዳኑን ስከፍተው የአረቄ ሽታ አፍንጫዬን መታው። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ የግቢው በር ደንብ ትዝ አለኝ። ያመጣው ሰው ፖሊሱ ፊት ሳይቀምስ ምንም ነገር አይገባም። ጸሎት ቤት የምትሄድ፣ በሕይወቷ መጠጥ ያልነካች ሴት፣ አረቄውን ፊቷን ሳታጨማድድ እንደ ሻይ ውጣዋለች ማለት ነው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ልል ብዬ አፈርኩ። ተናደድኩ፣ ምራቄንም ዋጥኩ።

"ድፋው" አለኝ መምህሩ።

"አንተ ድፋልኝ።"

"እኔማ አልነካውም" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ተነስቼ ሽንት የምንሸናበት ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩት። ውሃ መያዝ ያቃተው እጄ ያን ቀን አንዲት ጠብታ እንኳ ከባልዲው ውጭ አላፈሰሰም።

በማግስቱ ፔርሙዙን በአጥሩ ላይ መለስኩላት። ፖሊሱ ፈንጠር ሲል "ደፋሁት" አልኳት።

"አፌን አቃጥዬ ያስገባሁትን?" ዓይኗ እንባ ሞላ። "ምን አድርገውህ ነው?"

"ምንም። አሞኛል አልኩሽ እኮ። ከቻልሽ ውሃ አምጪልኝ።"

"ውሃ?" አለች፣ ስድብ እንደሰማ ሰው፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች። የምትመለስ አልመሰለኝም ነበር። በነጋታው ግን ውሃ ሞልታ መጣች፤ እሱንም ቀምሳ።

ለምን እንደታሰርኩ እንዳልገባኝ ሁሉ ለምን እንደፈቱኝም አልገባኝም። ዛሬ ሆስፒታል እመላለሳለሁ። ባለቤቴ ለጎረቤት "ጨጓራውን ነው" ትላለች። ሕመሜ ገብቷት እንደሆነ አላውቅም፤ ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች። ግን ሠርግ ቤት ብርጭቆ ሲቀርብልኝ ቀድማ ከእጄ ትወስደዋለች። ሰው ሁሉ እያያት ትቀምሰዋለች።

"ጠጣ" ትለኛለች ከዚያ፣ "ውሃ ነው።"