የአያ ፈለቀ ታንጎ

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይቺን እዘላታለሁ። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ፤ ብትፈርዱብኝ አልቀየምም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ አራዳ ውስጥ በእትዬ አሰገደች ሆቴል ቅዳሜ ቅዳሜ ዳንስ ነበር። የባንዱ መሪ አያ ፈለቀ አኮርዲዮን ይጫወታል፤ እኔ ቫዮሊን። እሱ ታንጎን የለመደው በወረራው ጊዜ የጣልያኖች ክበብ ውስጥ ወለል እየወለወለ በጆሮው ነው። ሲጫወተው ግን የእነሱን አይመስልም። ዜማውን ወደ ትዝታ ቅኝት ይስበዋል፤ ከመጨረሻው ምት በፊት ደግሞ ድንገት ዝም ይላል። የደናሹ እግር እንደተነሳ ይቆያል። ምቱን ሲለቀው ቤቱ ሁሉ አንድ ላይ ይረግጣል። ያቺን ዝምታ እኔም ሞከርኳት፤ በእኔ እጅ ስህተት ትመስል ነበር። ቀናሁበት፤ ሌላ ስም የለውም።

አኮርዲዮኑ ድምፁ ሲበላሽ፣ የውስጡን ቀጫጭን የብረት ምላሶች በሞረድ የሚያስተካክለው ራሱ ነበር። አንድ ቀን እያሳየኝ ሳለ፣ ሞረድ አያያዝ ያስተማሩት አባቱ መሆናቸውን፣ እሳቸውም ትክል ድንጋይ በሚባል አገር ብረት ቀጥቃጭ እንደነበሩ ነገረኝ። ለሌላ ሰው ተናግሮ አያውቅም። ያኔ በአገራችን ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ይባል ነበር። እኔ አላምንበትም። አለማመኔ ለማን ጠቀመ?

የእትዬ አሰገደች ልጅ በአንዱ ዳንስ ማግስት በትኩሳት ወደቀች። ከተማው ውስጥ ተስቦ መግባቱን አውቃለሁ። እናትየው «ምነው፣ ልጄን ምን አገኛት?» እያሉ ሲያለቅሱ አጠገባቸው ነበርኩ።

«የአያ ፈለቀ አባት ቀጥቃጭ እንደነበሩ ሰምተዋል?» አልኳቸው።

ይኸው ነው። ቡዳ የሚለውን ቃል አላወጣሁም። ማውጣት ያስፈልገኝ ነበር? ውሸትም አልተናገርኩም። ለብዙ ዓመት በዚህ ስጽናና ኖሬአለሁ፤ መጽናናቴ ከድርጊቱ እኩል ያሳፍረኛል።

አያ ፈለቀ ከሆቴሉ ተባረረ። ልጅቱ በሐኪም መርፌ ዳነች፤ እሱን ግን ተመለስ ያለው የለም። ሲሄድ የሆቴሉን አኮርዲዮን ለእኔ አስረከበኝ። ምስጢሩን የነገረው ለእኔ ብቻ ነውና ማን እንዳወጣው ያውቃል። «በክረምት ይዝጋል። ስትሞርደው እጅህ አይፍጠን» አለኝ፤ ሞረዱንም ጨመረልኝ።

መሪ ሆንኩ። በየክረምቱ በር ቆልፌ ብረት ሞረድኩ። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ የማን ልጅ ነህ ያለኝ አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ከባንዱ ጋር ሰርግ ልንጫወት ስንሄድ ትክል ድንጋይ ገበያ ውስጥ አየሁት። ማረሻ ይቀጠቅጣል። ከመጨረሻው ምት በፊት መዶሻውን አየር ላይ ያዝ አደረገው፤ ያቺው ዝምታ ናት። ይቅርታ መጠየቅ የምችለው ያን ቀን ነበር። ገበያው ግን በሰው ሞልቷል፤ ከቀጥቃጭ ጋር ቆሜ እንዳልታይ ፈራሁና እሱ ቀና ብሎ ሳያየኝ ዞሬ ሄድኩ።

አላምንበትም ብያችሁ ነበር።